ካፖርት የለበሰው እንግዳ

መጀመሪያ ያሰብኩት ሰው ልሠራ አልነበረም። ሌባ እንዳይገባብኝ ነበር።

በሳምንት አራት ቀን፣ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። የጎልማሶች ክፍል ነው። ጠዋት ሕፃናት የሚማሩበት ስለሆነ ጉልበታችን ከጠረጴዛው ሥር አይገባም፤ ወደ ጎን ዞረን ነው የምንጽፈው። ይህን ለልጄ ለሊዲ አልነገርኳትም። ሊዲ ገና ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ የመብራቱን ወረቀት፣ የክሊኒኩን ወረቀት፣ ከአባቷ መሥሪያ ቤት የሚመጣውን ሁሉ እያነበበች ያስረዳችኝ ልጅ ናት። አሁን ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል በመስተንግዶ ትሠራለች። ከሄደች ሁለት ዓመት አለፋት። በዓል ሲሆን ሆቴሉ ይሞላል፣ በዓል ባይሆን ፈረቃ አለባት፤ ቤት የመጣችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ጥቅምት ላይ የአባቷ የዲበኩሉ ሰባተኛ ዓመት ተዝካር ይደርሳል። ለዚያ ቀን በገዛ እጄ ጽፌ እጠራታለሁ ብዬ ነበር። በስልክ ስለምናት መልሷ "አያለሁ እማዬ" ብቻ ነው። በወረቀት ከሆነ ምናልባት እምቢ አትለኝም።

በዚያ ሰሞን ከእኛ ሁለት ግቢ አልፎ ያለ ቤት በጠራራ ፀሐይ ተሰብሮ ቴሌቪዥን ወጣ። እኔ ደግሞ ፍርሃት ከጀመረኝ አይለቀኝም። ዓይኔ ሰሌዳው ላይ ነው፣ ልቤ ግን ቤቴ በር ላይ። መቆለፌን እያወቅሁ "ቆልፌው ይሆን?" እላለሁ። አንድ ቀን መምህር ይትባረክን አስፈቅጄ እየሮጥኩ ሄጄ በሩን ነካክቼ ተመለስኩ። መምህሩ ልጄ የሚሆን ወጣት ነው።

"እትዬ አሰለፈች፣ ቤቱ ደህና ነው?" አለኝ።

"ደህና ነው" አልኩት። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ።

ስለዚህ ሰው ያለበት ቤት እንዲመስል የዲበኩሉን ካፖርት ከሳጥን አወጣሁ። ዲበኩሉ ሞጆ ደረቅ ወደብ ጫኝና አውራጅ ነበር። ከሌሊት ፈረቃ ሲመለስ ፀሐይ ወጥታም ካፖርቱን አያወልቅም። በናዝሬት ሙቀት ካፖርት ለብሶ የሚመጣ ሰው ከሩቅ ካያችሁ እሱ ነው፤ ሊዲ ትንሽ ሳለች መንገዱ ጫፍ ላይ ካፖርቱን ስታይ ነበር እየሮጠች የምትወጣው።

ካፖርቱን መስኮቱ አጠገብ ባለው በዲበኩሉ ወንበር ላይ ሰቀልኩና ወደ ውጭ በር ሄጄ ዞሬ አየሁ። ወንበር ላይ የተሰቀለ ካፖርት ይመስላል። ሌባ ሞኝ አይደለም።

የማልጥለው ዕቃ ብዙ ነው። ቆራሌው በየሳምንቱ እየጮኸ ያልፋል፤ እኔ ግን ቢሰበርም፣ ቢያፈስም፣ አልጋ ሥር አስቀምጣለሁ። ቢጫ ጀሪካን ሥሩ የተሰነጠቀ፤ ለደረት ሆነኝ። የመወልወያ እንጨት ለጀርባ። የልብስ መስቀያ ለትከሻ። ፒንሳና ሽቦ ዲበኩሉ ትቶልኝ የሄደው አለ። ሽቦውን በጀሪካኑ እጀታ ውስጥ አሳልፌ ከእንጨቱ ጋር ሳስረው፣ ካፖርቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞላ አለ።

ጭንቅላቱ አስቸገረኝ። ድስት ደፍቼ ሞከርኩ፤ ፀሐይ ሲመታው እንደ መስታወት ያበራል። ቅል ሞከርኩ፤ አንገቱ ቀጥኖ የታመመ ሰው መሰለ። በመጨረሻ በጭስ የጠቆረውን ትልቁን ማንቆርቆሪያ አነሳሁ። ሊዲ ስትወለድ ውኃ የፈላበት ነው። ውኃ የሚወርድበትን አፉን ወደ ፊት አዞርኩና አፍንጫ ሆነ። ሁለት ማንኪያ ጎንና ጎኑ ላይ በሽቦ አሰርኩ፤ ጆሮ ሆነ። ለዓይን ቆርኪ አደረግሁበትና ቀና ብዬ ሳይ አፍጥጦ አየኝ። ደነገጥኩ፣ ወዲያው ነቀልኩት። ዓይን ሳይኖረው ይሻላል። ባርኔጣ ዝቅ አድርጌ ደፋሁበት።

ጣቶቹን ከአሮጌ ሹካ ሠራሁ፤ ጥርሳቸውን በፒንሳ ወደ ውስጥ ቆልመም አድርጌ ጉልበቱ ላይ አሳረፍኳቸው። ጉልበት የሌለው ነገር እጁ የት ያርፋል? ስለዚህ እግር ሠራሁ። የተሰበረ በርጩማ እግሮች ነበሩኝ። ከመስኮቱ ውጭ እግሩ እንደማይታይ አውቃለሁ። ግን ሠራሁት። ለጫማ አንድ የከሰል ካውያና አንድ የተቃጠለ የመብራት ካውያ ጎን ለጎን አስቀመጥኩለት፤ ካውያ ከፊቱ ሾጠጥ ያለ ስለሆነ ጫማ ይመስላል። ይህን ሁሉ ስሠራ ሦስት ቀን አለፈ። በሦስቱ ቀን ለልጄ አንዴም አልደወልኩም። ብዙ ጊዜ ግን በቀን አምስቴ ነው የምደውልላት።

ዕቃው ሁሉ ላይ ጽሑፍ አለ። መምህር ይትባረክ "የቤታችሁን ዕቃ ስም ጻፉና ዕቃው ላይ ለጥፉት፤ ባያችሁት ቁጥር አንብቡት" ብሎ ስላዘዘን፣ በቁራጭ ወረቀት ጽፌ በሊጥ ለጥፌ ነበር። ጀሪካን። ካውያ። ማንኪያ። "ማንቆርቆሪያ" ረጅም ስለሆነ ሦስት ጊዜ ተበላሽቶብኝ በአራተኛው ነው የተሳካልኝ። ሰውየውን ስሠራው ወረቀቶቹን አላነሳኋቸውም። አሳዘኑኝ።

በመጨረሻ የዲበኩሉን ትንሿን ሬዲዮ በተሰነጠቀው ጀሪካን ውስጥ ከተትኩ። ከቤት ስወጣ እከፍታታለሁ። ወንድ ሲያወራ ይሰማል።

መጋረጃውን ግማሽ ድረስ ስቤ ወደ ውጭ በር ሄድኩና ዞሬ አየሁ። አንድ ሰው ቤቴ ተቀምጧል። ቆሜ ብዙ አየሁት። ያን ቀን ክፍል ውስጥ ስለ ቤቴ ቁልፍ አላሰብኩም።

*

ጉዲቱ ጎረቤቴ ናት። አጠገቤ ያለውን ግቢ ከተከራየች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ዲበኩሉን አታውቀውም። ሊዲ ስትሄድ ስልክ ቁጥሯን ለእሷ ሰጥታት "እናቴን እያየሽልኝ" ብላታለች። አንድ ጠዋት በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

"አካም ጅርቱ እትዬ? እንግዳ አለብዎት እንዴ?"

አፈርኩ። የሃምሳ ሦስት ዓመት ሴት ማንቆርቆሪያና ጀሪካን አስሬ ወንበር ላይ አስቀመጥኩ ልላት ነው?

"አዎ፣ እንግዳ ነው" አልኳት።

"ትናንት ሳልፍ በእጄ ሰላም አልኩት፣ ዝም አለኝ። ኩሩ ነው መሰለኝ።"

"ዓይኑን ትንሽ ያመዋል።"

"ውይ፣ ይማረው። ወሬ ግን ይወዳል፤ እርስዎ በሌሉበት እንኳ ለብቻው ሲያወራ እሰማዋለሁ" አለችና ፈገግ ብላ ወረደች።

በማግሥቱ ሊዲ ደወለች። እሑድ አልነበረም። ሊዲ የምትደውለው እሑድ ነው።

"እማዬ፣ ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ። አንቺ በላሽ? ነፋሱ እንዴት ነው? ሐይቁ ዳር ብቻሽን እንዳትሄጂ።"

"እኔን ተዪኝ። አንቺ ጋ ምን አዲስ ነገር አለ?"

"ምንም የለም።"

ከኋላዬ ሬዲዮዋ ስለ እግር ኳስ ታወራለች።

"ማነው የሚያወራው?"

"ሬዲዮ ነው።"

"ሬዲዮ" አለች። "እሺ። ሬዲዮውን ሰላም በይልኝ።"

ነገሩ የገባኝ ጉዲቱ መጥታ ስትናዘዝ ነው። "ለሊዲ የነገርኳት እኔ ነኝ እትዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የሚያስደስት ወሬ መስሎኝ ነው። ደግሞስ ምን ነውር አለው? ሰባት ዓመት ሙሉ ብቻዎን!"

ያን ጊዜ እጇን ይዤ አስገብቼ ላሳያት ይገባ ነበር። አብረን ስቀን ያልቅ ነበር። ግን በዚያ ሳምንት ሊዲ አራት ጊዜ ደወለች። በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ደውላልኝ አታውቅም። ስልኩ በጮኸ ቁጥር እጄን በቀሚሴ እየጠረግሁ እሮጣለሁ። ስለዚህ ጉዲቱን "እስኪ ተይው" አልኳት፣ ወደ ቤት ገባሁ።

"ምን ዓይነት ሰው ነው?" አለችኝ ሊዲ በአራተኛው ቀን።

"ዝምተኛ ነው።" ይህ ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

"አያስቸግርሽም?"

"ኧረ። ካስቀመጡት ቦታ አይነሳም።"

"ይበላል?"

"አይበላም።"

"ታሟል እንዴ እማዬ? የታመመ ሰው ነው ያስገባሽው?"

ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። በስልክ አብረን የሳቅነው መቼ እንደሆነ አላስታውስም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። "ስላንተ ነው የምትጠይቀው" አልኩት። ከዚያ አፈርኩና ተነሥቼ ግቢውን ጠረግሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ደወለችና ከዚያ ድምፅዋ ጠፋ። ሰኞ የለም። ማክሰኞ የለም። ስደውል ይጠራል፣ አታነሳም። ረቡዕ ሃያ ጊዜ ደወልኩ። ሐሙስ ጠዋት "ሐይቅ ገብታ ይሆን?" ማለት ጀመርኩ። እኔ እንዲህ ነኝ።

ሐሙስ ዕለት ከትምህርት ቤት ስመለስ ባለሱቁ ሱሩር ጠራኝ። ሱቁ ከግቢያችን በር ፊት ለፊት ነው።

"እትዬ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ረስቼው ነው። ፍሪጅ ውስጥ ዕቃ አለዎት። ሊዲ የተወችው።"

"ሊዲ? የኔ ሊዲ?"

"ማክሰኞ መጥታ ነበር እኮ። አልተገናኛችሁም?"

"ስንት ሰዓት?"

"ወደ አሥር ሰዓት ገደማ። ውኃ ገዝታ እዚህ ቆማ ጠጣች፣ ጠጉሯን አስተካከለች። ከዚያ የግቢውን በር ከፍታ ገባ አለች፣ ግን ብዙም አልራቀች፤ ቆመች። እኔ ደንበኛ ነበረብኝ። ቀና ስል ተመልሳ እዚህ ነች። 'ይሄን ለእናቴ ስጥልኝ' አለችና ባጃጅ ይዛ ሄደች። ፊቷ ልክ አልነበረም።"

አሥር ሰዓት ላይ እኔ ክፍል ውስጥ ነበርኩ።

ፌስታሉን ከፈትኩት። ቆሮሶ ነው፤ ሦስት ዓሣ፣ ተጠርጎ የታጠበ። ሦስት። አንድ ለእኔ፣ አንድ ለእሷ። ሦስተኛው የማን እንደሆነ ሲገባኝ ሱሩር ደጃፍ ያለው ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ።

ልጄ ሰውየውን ልትተዋወቅ ነበር የመጣችው። ለእሱም ዓሣ ይዛ። በሩን ከፍታ ስትገባ በመስኮቱ ያየችው የአባቷን ካፖርት ነው፤ የማታውቀው ሰው ለብሶት፣ በአባቷ ወንበር ላይ።

*

በስልክ ብነግራት እንደማታምነኝ አውቃለሁ። አንዴ "ሬዲዮ ነው" ብያት አይቼዋለሁ። ስለዚህ ዓርብ ጠዋት ሰውየውን ፈታሁት። ሽቦውን ሳላላ፣ የሠራሁበት ቀን ሁሉ ትዝ አለኝ። ጭንቅላቱን፣ ደረቱን፣ እግሮቹን፣ ሁለቱን ካውያ፣ በማዳበሪያ ከተትኩ። ካፖርቱን አጥፌ ከላይ አደረግሁ። ትምህርት ከጀመርኩ ቀርቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ቀረሁ።

የሻሸመኔ አውቶቡስ ላይ ስወጣ ረዳቱ ማዳበሪያውን ተቀብሎኝ አንኳኳው።

"ማዘር፣ ማድ ቤቱን ነቅለው ነው እንዴ የመጡት?"

"ቀስ በልልኝ ልጄ።"

"ግድግዳውን ብቻ ነው የተዉት ማለት ነው" አለ። ተሳፋሪው ሳቀ። ከላይ ይጫን ሲል እምቢ ብዬ ጭኔ ላይ አደረግሁት። ሞጆ ሳንደርስ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ተቁነጠነጠ።

"እናት፣ የሆነ ነገር ጎኔን ወጋኝ።"

"አፍንጫው ነው። ይቅርታ" አልኩና ማዳበሪያውን አዞርኩት። ሰውየው ቆቃን እስክናልፍ አየኝ። ከዚያ ዝዋይ ላይ ባዶ ወንበር ሲገኝ ሄዶ ተቀመጠ።

ብቻዬን ሆኜ በመስኮቱ እያየሁ ሄድኩ። ዲበኩሉ ከሞተ ወዲህ ከናዝሬት ወጥቼ አላውቅም። ልጄ ሁለት ዓመት የኖረችበትን ቦታ አንድ ቀን እንኳ ሄጄ አላየሁትም። ሁልጊዜ "ነዪ" እላለሁ እንጂ "ልምጣ" ብያት አላውቅም።

ከአስፋልቱ ወርጄ ወደ ሆቴሉ የሚወስደውን የአቧራ መንገድ በእግሬ ሄድኩት። በሩ ላይ ራህመቶ የሚባል ጥበቃ አገኘሁ፤ ስሙ ደረቱ ላይ ተጽፏል። አነበብኩት። ፍተሻ ነው ብሎ ማዳበሪያውን ከፈተ። መጀመሪያ ማንቆርቆሪያውን አወጣ። ከዚያ አንድ ካውያ። ከዚያ ሌላ ካውያ። ከዚያ በሽቦ የታሰሩ ሹካዎች።

"እናቴ፣ እዚህ መሸጥ ክልክል ነው።"

"ልሸጥ አይደለም። ልጄን ሊዲን ላሳያት ነው።"

"ምን? ማንቆርቆሪያ?"

"አባቷን" አልኩት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ራህመቶ ማንቆርቆሪያውን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠ። ሊዲን በስልክ አስጠራልኝና "ሥራ ላይ ነች፣ ይጠብቁ" አለኝ። በሩ አጠገብ ግራር አለ፤ ከሥሩ ድንጋይ። እዚያ ላይ መገጣጠም ጀመርኩ። ነፋሱ ከሐይቁ በኩል እየመጣ ካፖርቱን ያራግብብኛል። ጥበቃው ትንሽ አየኝና መጣ።

"ጀርባውን ልያዝልዎት?"

"ያዝልኝ ወንድሜ።"

እሱ እንጨቱን ይዞ፣ እኔ ሽቦውን እያጠበቅሁ፣ ካፖርቱን አለበስነው። ባርኔጣውን ልደፋ ስል ራህመቶ "መጣች" አለ።

ልጄ የሥራ ልብስ ለብሳለች። ቀጥናለች። ካፖርቱን ከሩቅ ስታይ እግሯ ቆመ፤ ማክሰኞ ቤቴ ግቢ እንደቆመችው መሆን አለበት። ከዚያ ቀስ እያለች መጣች። እኔን አልሳመችኝም። ፊቱ ድረስ ሄዳ፣ ዓይን የሌለውን ፊት አየችው፣ እጇን ዘርግታ አፍንጫውን ነካች።

"ማንቆርቆሪያው ነው" አለች።

"እሱ ነው።"

"ይሄ ነው ሰውየው?"

"ይሄ ነው። ሌላ የለም። ሌባ ፈርቼ ነው የጀመርኩት።"

ጎንበስ አለች። ግንባሩ ላይ ያለውን ወረቀት እያነበበች ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዚያ ካፖርቱን ገለጥ አድርጋ ጀሪካኑ ላይ ያለውን አነበበች። ተንበርክካ ካውያው ላይ ያለውን አነበበች። ፊደሎቼ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ናቸው፤ እንድትሸፍናቸው ፈለግሁ።

"ይሄን ማን ጻፈው?"

"እኔ።"

"አንቺ?"

"ከሰዓት ከሰዓት እማራለሁ። ማክሰኞም እዚያ ነበርኩ። ለዚያ ነው ያላገኘሽኝ።"

መሬቱ ላይ እንደተንበረከከች ካውያውን በሁለት እጇ ይዛ ቀረች። ራህመቶ የሚያደርገው ጠፍቶት ጀሪካኑ ውስጥ እጁን ሰዶ የሆነ ነገር ሲነካ ሬዲዮዋ ተከፈተች። አንድ ሰው ስለ አየር ሁኔታ ጮክ ብሎ ማውራት ጀመረ። ጥበቃው ወደ ኋላ ዘለለ።

ሊዲ ሳቀች። እየሳቀች ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። "ወሬ የሚወደው ይሄ ነው?"

"እሱ ነው። ሰላም በይልኝ ብለሽኝ ነበር፣ ነግሬዋለሁ።"

ሬዲዮዋን ዘጋችና አጠገቤ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

"ተናድጄ አልነበረም የመጣሁት እማዬ። ዓሣ ይዤ ነበር።"

"አይቼዋለሁ። ሦስት።"

"ሰው ካገኘሽ ጥሩ ነው ብዬ ነበር። እውነቴን ነው። ከዚያ ካፖርቱን ሳይ... አባዬ ከሞጆ የመጣ ነው የመሰለኝ። ልሮጥ ነበር። ልሮጥ ስል ትዝ አለኝ።" ሣር ነቅላ በጣቷ ጠቀለለች። "ከዚያ ስመለስ ባጃጁ ውስጥ፣ በቃ እናቴ ብቻዋን አይደለችም፣ ከእንግዲህ እኔ ባልመጣም ይሆናል አልኩ።"

በስልክ በቀን አምስት ጊዜ "በላሽ?" እላታለሁ። "ተጠንቀቂ" እላታለሁ። "መቼ ትመጫለሽ?" እላታለሁ። ይህን ቃል ግን ነግሬያት አላውቅም።

"ብቻዬን ነኝ ሊዲ" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ።

"እግሩን እንኳ የሠራሁት ማንም የሚያየው ሰው ኖሮ አይደለም።"

ተነሥታ ካፖርቱ ሥር እጇን አስገባችና ግራ ትከሻውን የያዘውን ሽቦ ወደ ታች ጎበጥ አደረገችው። ወደ ኋላ ሄዳ አየች። ጨመር አድርጋ ጎበጥ አደረገችው። ዲበኩሉ ሃያ ዓመት በግራ ትከሻው ስለተሸከመ ግራው ዝቅ ይል ነበር። እኔ ረስቼው ነበር። ስታስተካክለው እሱ ራሱ ከመንገዱ ጫፍ የመጣ መሰለኝ።

ከውስጥ ስሟ ተጠራ። እንግዶች ገብተዋል።

"መሄድ አለብኝ።"

"ሂጂ። በሥራሽ እንዳያስቸግሩሽ።"

ነፋሱ በረታ። የሥራ ልብሷ ስስ ነው። ካፖርቱን ከሰውየው ላይ አወለቀችና ትከሻዋ ላይ ጣለችው፤ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ደረሰ።

"ይሄ እኔ ጋ ይቆይ። ይዤው እመጣለሁ።"

"መቼ?" የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ስማኝ እየሮጠች ገባች። ካፖርቱ ከበሩ ወዲያ ባለው ዛፍ መካከል ሲሄድ እስኪጠፋ አየሁት።

ራህመቶ ሰውየውን ፈትቼ ወደ ማዳበሪያው ስከት ረዳኝ። "ሲመለሱ ደግሞ ይዘውት ይምጡ" አለኝ።

*

ቤቴ ስደርስ እንደገና ገጠምኩት። ካፖርት ስለሌለው አሁን ማንም ሰው ነው አይለውም፤ ጀሪካን ነው፣ እንጨት ነው፣ ማንቆርቆሪያ ነው። ግራ ትከሻውን ግን ሊዲ እንዳደረገችው አደረግሁት። ጉዲቱን ጠርቼ አሳየኋት። መጀመሪያ አፏን ያዘች፣ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እስክታለቅስ ሳቀች።

"እኔ እኮ እያለፍኩ ሰላም ስለው ነበር! አንድ ቀን ቀሚሴን ሁሉ አስተካክዬ!"

ሳቋ ሲያልቅ ወረቀቶቹን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝና "ነገ ምሳ እኔ ጋ ነው የሚበሉት" ብላ ወጣች።

ተዝካሩ ቅዳሜ ነው። ሊዲ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ደውላለች፣ ሁለቱም እሑድ። እመጣለሁም አልመጣምም አላለችም፤ ስለ ትምህርቴ ጠየቀችኝ። እኔም አልጠየቅኋትም። የጥሪውን ወረቀት ጽፌ ጨርሼዋለሁ፤ አልላክሁትም፤ ደብተሬ ውስጥ ነው።

ዛሬ ዓርብ ነው። የነገው ምግብ ተሠርቷል። ሰውየውን ከመስኮቱ አንሥቼ ጓሮ፣ ጥላ ያለበት ቦታ አስቀመጥኩት። ሬዲዮዋን ዘጋሁ። መጋረጃውን እስከ ጥጉ ድረስ ከፈትኩትና ወንበሩ ላይ ራሴ ተቀመጥኩ፣ በሩን ከፍታ የምትገባ ሰው ቤቱ ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ መሆኔን እንድታይ።